አንድ ፎቶ ላይ ስድስት አባት

ሱሉልታ ሜዳ ላይ የሚነሳ የሰርግ ፎቶ ያስጠላኛል። ሙሽራው ሙሽሪትን ይሸከማል፣ ሙሽሪት ሰማይ ሰማይ ታያለች፣ ከኋላ ያለችው ላም ደግሞ ካሜራውን ታያለች። ከሦስቱ ደህና የወጣችው ሁልጊዜ ላሟ ናት። ይህን ስናገር ቡራዩ የምሠራበት ስቱዲዮ ባለቤት፣ "አንቺ ዝም ብለሽ ጉርድ ፎቶሽን አንሺ" ትለኛለች። እውነቷን ነው። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ከገባሁ ጀምሮ ሥራዬ ሰው በርጩማ ላይ አስቀምጦ "አገጭ ቀና፣ አይነቃነቁ" ማለት ነበር። እኔ ደግሞ በተፈጥሮዬ የማይነቃነቅ ነገር አልወድም።

አንድ ቀን ገበያው ቀዝቅዞ የፍላሹን ቁልፎች ስነካካ፣ ማናችንም የማንጠቀምበት "መልቲ" የሚባል ነገር አገኘሁ። ስጫነው ፍላሹ እንደ መትረየስ በተከታታይ በራ። ነገሩን እያበላሸሁ ነው የተማርኩት። ቤቱ ድቅድቅ ጨለማ መሆን አለበት፤ ካሜራው ትራይፖድ ላይ ቆሞ ሁለት ሰከንድ ያህል ዓይኑን ከፍቶ ይቆያል፤ በዚያ መሀል ፍላሹ ስድስት ጊዜ ይበራል። የሚንቀሳቀስ ሰው ብርሃኑ በበራ ቁጥር ሌላ ቦታ ስለሚገኝ፣ አንድ ፎቶ ላይ ስድስት ሆኖ ይወጣል። መጀመሪያ የሞከርኩት ራሴ ላይ ነው። የስቱዲዮው ግድግዳ ነጭ በመሆኑ ግን በእያንዳንዱ ብልጭታ ግድግዳውም አብሮ እየተነሳ እላዬ ላይ ተደረበ። ፎቶው ላይ የወጣሁት እንደ ማሰሮ እንፋሎት ነው። ጥቁር ጀርባ እንደሚያስፈልገኝ ያኔ ገባኝ።

በዚያው ሰሞን አብራኝ የተማረች ጓደኛዬ ሰበታ ላለ ልጅ ልትዳር ሆነ። ሰርጓን ካላነሳሁ ብዬ ሞትኩ። ሰርግ አንስቼ አላውቅም፤ ይሄን ካጣሁ ደግሞ ማን ሊሰጠኝ ነው? አባቷ ግን ከአንድ የአዲስ አበባ ፎቶ አንሺ ጋር ተነጋግረው ጨርሰዋል። ከገፈርሳ ወዲህ የሚያርሱ፣ ሰፈሩ ሁሉ "ኦቦ" እያለ የሚያከብራቸው ሰው ናቸው። እኔ ከልጅነቴ "አባባ" ነው የምላቸው። ዙሪያ ጥምጥም አላውቅም፣ ሄጄ ፊት ለፊት ነገርኳቸው።

"አባባ፣ ሰርጉን እኔ ላንሳው።"

"አንቺማ የመታወቂያዬን አንስተሽ የለ? እስረኛ አስመስለሽኝ!"

"እሱ እንግዲህ ፊትዎ ነው።"

ሳቃቸው መጣ። "ቶሌ" አሉ፣ እሺ ማለታቸው ነው። "እሁድ እኔንና ልጄን አብረን አንሺን። ከወደድኩት ያንን ሰውዬ አስቀረዋለሁ። ካልወደድኩት ሰርጉ ላይ እንደ ሰው ቁጭ ብለሽ ትበያለሽ።"

እሁድ ከምሳ በኋላ ደረስኩና ጥቁር ጀርባ ፍለጋ ግቢውን አካለልኩት። ቤቱ ለሰርጉ ተብሎ ነጭ በነጭ ተቀብቷል። ከጓሮ ግን የብሎኬት ኩሽና ከተሠራ ወዲህ ማንም የማይገባበት አሮጌ ማድ ቤት አለ። በሩን ገፋ ሳደርገው ልቤ ዘለለች። ግድግዳው፣ ጣሪያው፣ ሁሉም የስንት ዓመት ጭስ የጠጣ ጥቀርሻ ነው። መስኮት የሚባል ነገር የለውም። እንዲህ ያለ ጥቁር የትኛውም ስቱዲዮ ቢገባ አይገኝም።

የጓደኛዬ እናት ራሳቸውን ያዙ። "ሙሽራ ጥቀርሻ ቤት? ያን የመሰለ ሳሎን እያለ?"

"እትዬ፣ ጥቀርሻው እኮ ፎቶው ላይ አይታይም።"

"የማይታይ ከሆነ ምን ያደርግልሻል?"

 የግድግዳውን ቀዳዳ በጆንያ መወተፍ ጀመርኩ።

አባባ ነጭ ጋቢ፣ ልጃቸው ቀይ ቀሚስ ለብሰው ገቡ። "ረገዳ ጨፍሩልኝ" አልኩና በሩን ዘጋሁ። ፍላሹ መብራት እንደጀመረ አባባ ቀጥ አሉ። እጅ ወደ ጎን፣ አገጭ ቀና፣ ትንፋሽ የለም። ስድስቱም ብርሃን አንዱ ባንዱ ላይ ተደራርቦ አረፈባቸው። ካሜራው ላይ ስናየው፣ ልጃቸው እየተሽከረከረች እዚህም እዚያም አለች፤ እሳቸው በነበሩበት ግን የሆነ ነጭ ነገር ተገትሯል።

"ማነው ይሄ?"

"አንቱ ነዎታ።"

"ሞቻለሁ እንዴ?"

"አባባ፣ ለምን ይቆማሉ?"

"ፍላሽ በራ አይደል! 'አይነቃነቁ' ብለሽ የጮህሽብኝ አንቺ አይደለሽም?"

 ጉርድ ፎቶ ሲነሱ የለመዱት ይሄንኑ ነው፤ ብልጭ ሲል መድረቅ። ሁለተኛውን ስንሞክር ትንሽ ተወዛወዙልኝ፤ እፎይ ልል ስል ማድ ቤቱ በብርሃን ተጥለቀለቀ። እናትየው የስልካቸውን ባትሪ አብርተው ቆመዋል።

"እትዬ!"

"ምነው? በጨለማ ተደነቃቅፈው ይሰበሩ?"

አባባ ጋቢያቸውን ሰበሰቡ። "በቃ ልጄ፣ ሞከርሽ። የአዲስ አበባው ይምጣ።" ወደ በሩ አመሩ።

ያዳነችኝ ጓደኛዬ ናት። እጃቸውን ለቀም አድርጋ፣ "አባ፣ በሰርጌም እንዲህ እንደ ስልክ እንጨት ልትገተር ነው?" አለችና መሀል ጎትታ ዘፈኑን በኦሮምኛ ጀመረችው። እኔም የእናትየውን ስልክ ተቀበልኩና፣ "እትዬ፣ አንቱ ያጨብጭቡ" አልኳቸው። እጃቸው ሥራ ከያዘ ባትሪ አያበሩም። በሩን ገጠምኩ። በጨለማው ውስጥ መጀመሪያ የአንድ ሰው እግር ብቻ ነበር የሚሰማኝ። ቆይቶ ከባድ እግር ተጨመረ፤ ከዚያ የአባባ ድምፅ ከልጃቸው በልጦ ወጣ። "ተዘጋጁ" አላልኩም። ዝም ብዬ ተጫንኩት።

ፎቶውን ሳየው ጮህኩ። አባባ ከዳር እስከ ዳር ተሰልፈዋል፤ እዚህ መሬቱን ረግጠው፣ እዚያ ዘለው፣ ጋቢያቸው እንደ ክንፍ ተዘርግቶ፣ ጥግ ላይ አፋቸውን ከፍተው እየሳቁ። የጓደኛዬ ፀጉር መሀላቸው ዙሪያውን ተበትኗል። ከኋላ ጥቁር፣ ንጹሕ ጥቁር።

አባባ ካሜራውን አቀረቡት፣ አራቁት፣ በጣታቸው ቆጠሩ።

"ስድስት ነኝ።"

"አዎ።"

"ይሄን ሁሉ ሆኜ ነው መሬቱን ለብቻዬ የማርሰው?"

"ስድስት!" አሉ እናትየው። "አንዱንስ መቼ ቻልኩት!"

አባባ ሳቃቸውን ሳይጨርሱ ስልካቸውን አውጥተው ለአዲስ አበባው ፎቶ አንሺ ደወሉ። "ልጄ፣ አካም ጅርታ? ደህና ነህ ወይ? ሰርጉ ላይ ና፣ ብላ፣ ጠጣ። ካሜራህን ግን ቤት ተወው፣ ሰው አግኝተናል።"

ሰው ያሉት እኔን ነው። እልልታዬን አቀለጥኩት። ጓደኛዬ ተቀበለችኝ፣ እናቷም ጥቀርሻውን ረስተው ገቡበት። ጎረቤቶች፣ "ሰርጉ ዛሬ ሆነ እንዴ? ሳትነግሩን?" እያሉ በአጥሩ በኩል ብቅ ብቅ አሉ።

"ኮታ፣ ኑ፣ ግቡ!" አሉ አባባ፣ አንድ በአንድ ወደ ጥቀርሻው ቤት እየገፏቸው። "ብቻ ሲበራ እንዳትቆሙ!"