ሰላምታው ይቆየን ያሉን ሰው

ኦቦ ገለታ አረፉ? የቱ ኦቦ ገለታ? የእኛ?

ጠዋት ግሩፓችን ላይ ሳየው አላመንኩም። እንዲያውም ተቆጣሁ። «የማን አካውንት ነው የተጠለፈው? አድሚኖች፣ ይሄን ነገር አጥፉት እንጂ!» ብዬ ጻፍኩ። ሰው ሞተ ሲባል እንኳ ቀድሞ የመጣልኝ የኮምፒውተር ሀሳብ ነው። ልጃቸው «እውነት ነው ቲቸር» ብላ መለሰችልኝ።

ከአንገር ጉቲን በተገኘው መኪና መጣሁ። ይሄን የምጽፈው ነቀምቴ፣ ለቅሶ ቤት፣ ድንኳኑ ጥግ ተቀምጬ ነው።

ለማታውቋቸው ልንገራችሁ። ኦቦ ገለታ ኮሌጅ ውስጥ ኮምፒውተር ያስተምሩ ነበር። ቅዳሜ ቅዳሜ ደግሞ ነቀምቴ ውስጥ ኮምፒውተር ያለውንም የሌለውንም ይሰበስባሉ። ጸሐፊው፣ ነጋዴው፣ ነርሷ፣ ተማሪው፣ ሁሉም የሚያውቀውን ለሌላው ያሳያል። ከዚያ አርጆ ሄዱ፣ ጊዳ አያና ሄዱ፣ እኛም ጋ በዚያ መንገድ ተንገጫግጨው መጡ። አንድ ከተማ ሲደርሱ «እዚህ ኮምፒውተር ሲበላሽ ሰው ማን ጋ ይሄዳል?» ብለው ይጠይቃሉ። ያን ሰው ፈልገው «የምታውቀውን ብቻህን አትያዘው፣ ቅዳሜ ሰው ሰብስብ» ይሉታል። እንዲህ እንዲህ እያሉ ጅማ ደረሱ፣ ሆሳዕና ደረሱ፣ ደሴ ደረሱ። ዛሬ በየከተማው ያሉት የኮምፒውተር ተጠቃሚ ቡድኖች አንድ ላይ የተያያዙት በእሳቸው እግርና በእሳቸው ስልክ ነው። የአንገር ጉቲኑን የምመራው እኔ ነኝ፣ የሃይስኩል መምህርት። «ኢንተላ» ነበር የሚሉኝ፣ ልጅት እንደማለት።

ኢንተርኔት በተቋረጠ ጊዜ የምንገናኘው በስልክ ብቻ ነበር። የወለጋን ሰላምታ ደግሞ ታውቁታላችሁ። አንዴ አጠገባቸው ሳለሁ ከጊዳ አያና አንድ የጤና ጣቢያ ጸሐፊ ደወለ። «አከም ጅርቱ? ኢጆሌን ነጋ? ሎን ነጋ?» ልጆቹ ተጠየቁ፣ ከብቶቹ ተጠየቁ፣ ዝናቡም ተጠየቀ፣ ችግሩ ሊነገር ሲል ካርዱ አለቀ። ሰውዬው ሞልቶ መልሶ ደወለ። ያለ ሰላምታ መጀመር ነውር ነውና እንደገና ከልጆቹ ጀመረ። እንደገና አለቀ! ኦቦ ገለታ እንባቸው እስኪፈስ ሳቁ።

በቀጣዩ ቅዳሜ ደንብ አወጡ፤ ለችግር ሲደወል ሰላምታ የለም። ከዚያ ወዲህ ስልክ ሲያነሱ «ሰላምታው ይቆየን፣ ችግሩን ንገሪኝ» ነበር የሚሉት።

ደንቡ ተመቸን። ብዙ ሥራም አሠራን፣ እውነቱን ለመናገር። ኢንተርኔቱ ሲመለስ ግን ሰላምታውን ማን ይመልሰው? ለምደነዋላ!

ባለፈው ሳምንት የትምህርት ቤታችን ኮምፒውተር አልነሳ አለ። የተማሪው ውጤት በሙሉ እዚያ ውስጥ ነው፣ ርእሰ መምህሩ ደጋግሞ ይጠይቀኛል። ደወልኩ። ድምፃቸው ሰልሏል። ከኋላ አንዲት ሴት «መርፌዎ ደርሷል» ስትል ሰምቻለሁ። አዎ፣ ሰምቻለሁ፣ አልሰማሁም ብዬ አልዋሽም። እኔ ግን ጭንቀቴን ዘረገፍኩላቸው። እየሳሉ፣ እያረፉ መሩኝ። ኮምፒውተሩ ተነሳ።

«ሌላስ፣ ኢንተላ?» አሉኝ።

«ሌላ የለም» ብዬ ዘጋሁት። አመሰግናለሁ ማለቴን ራሱ እንጃ።

ባለቤታቸው አዴ ጫልቱ ዛሬ አልወቀሱንም። እሱ ነው አንጀቴን የቆረጠው። ውሃ አቀረቡልኝ፣ አጠገቤ ተቀመጡና ዝም ብለው እንደ ወሬ ነገሩኝ። «ሆስፒታል እያለ ስልኩ አላረፈም። ከየአገሩ ትደውላላችሁ። ታምሜያለሁ በላቸው ስለው፣ ከጠየቁኝ እነግራቸዋለሁ ይለኛል።»

ማንም አልጠየቃቸውም።

ግሩፑን ከፍቼ አየሁ። የደሴው «መታመማቸውን ማን ያውቅ ነበር?» ይላል። የጅማዋ «እኔ ከትናንት በስቲያ አውርቻቸዋለሁ፣ ምንም አላሉኝም» ትላለች። ምን ይበሏት? እሷም ስለ ማሽኗ ነው የደወለችው። ያን ሁሉ ሰው ያገናኙ ሰው አልጋ ላይ ተኝተው፣ ሁላችንም ደውለን፣ አንዳችንም እንዴት ነዎት አላልንም። አፈርኩ ወገኖቼ። አዴ ጫልቱን ቀና ብዬ ማየት አቃተኝ።

ቅድም ደግሞ የኦቦ ገለታ ስልክ ጮኸ። አዴ ጫልቱ አንስተው ለእኔ ሰጡኝ። አንድ ሰውዬ ነው፣ ከሆሳዕና። «ኦቦ ገለታ፣ ፕሪንተሩ ወረቀት ይዞ ቀረ።»

«ሰው ጋ ሲደወል ደህና ነዎት ወይ አይባልም?!» ብዬ ጮህኩበት። ለቀስተኛው ሁሉ ዞሮ አየኝ። ኧረ ምን ሆኛለሁ? ምስኪኑ ምን አጠፋ? ከእኔ በምን ተለየ? ድምፄን ዝቅ አድርጌ መርዶውን ነገርኩት። ስለ ፕሪንተሩ አልተነጋገርንም፣ ሁለታችንም ስልኩን እንደያዝን አለቀስን።

ኦቦ ገለታ፣ እርስዎ ሰላምታው ይቆየን አሉ እንጂ ይጥፋ አላሉም። አቆይተን አቆይተን የረሳነው እኛው ነን። ማሩኝ ለማለትም አፈርኩ።

እዚህ ቤት ስመጣ ሁልጊዜ የተበላሸ ነገር ታቅፌ ነበር። በሩን ከፍተው፣ እንኳን ልቀመጥ ጫማዬን ሳልጠርግ፣ ላፕቶፑን ይቀበሉኝ ነበር።

ነጋቲ፣ በሰላም ይሂዱ ኦቦ ገለታ። አፈሩ ይቅለልዎት። ዛሬ ምንም ሳልይዝ፣ እርስዎን ብቻ ብዬ መጣሁ። እርስዎ ግን የሉም።