በመሳም ያለቀው ፎቶ

ልብስ ሰፊዋን ሰፈሩ «መቀስ» ይላታል፤ አንድም ስለ ሥራዋ፣ አንድም ስለ ምላሷ። ደንበኛ «ጠበበኝ» ካላት «አንተ ነህ የወፈርከው፣ ልብሱ ምን አደረገ!» ትላለች። ስለ ወንድሟ ሲነሳ ግን ያ ሁሉ ምላስ ይታሰራል።

እሱ ወደ ጦር ግንባር ሲሄድ እሷ ገና ድክ ድክ የምትል ሕፃን ነበረች። ወንድም ጋሼ የምትለውን ሰው የምታውቀው ከአንድ የብስኩት ቆርቆሮ ነው። አስተማሪው «ጎበዝ ነው፣ ወሬ ግን ያበዛል» ብሎ የጻፈበት ካርድ፣ መሞቱን የሚገልጽ ባለማኅተም ወረቀት፣ በወታደር ልብስ የተነሳው አንድ ፎቶ። ፎቶው ላይ ኮቱም፣ ጉልበቱ ላይ ያሳረፋቸው እጆቹም ጥርት ብለው ይታያሉ። ፊቱ ግን የለም። እናቱ ጠዋት ጠዋት እየሳመች ጨርሳዋለች።

«እኔ እንደሆን አልረሳው» ትላለች እናቷ። ልጅቷ ግን የምትረሳው እንኳ የላትም። መንገድ ላይ የማታውቀው ጎልማሳ ሲያልፍ «ይሄን ይመስል ይሆን?» እያለች ፈዛ ትቀራለች።

ወንድሟን ያነሳው ፎቶ ቤት ከተዘጋ ቆይቷል። አንድ ቀን አንዲት ደንበኛ «ፎቶ አንሺው እኮ በሕይወት አሉ፤ ከቤት አይወጡም እንጂ» ስትላት የስፌት መኪናዋን ሸፍና ወጣች።

የሽማግሌው ክፍል እስከ ጣሪያው በጫማ ካርቶን ተሞልቷል።

«አባባ፣ ወንድሜን አንስተውት ነበር።»

«ያኔ ያላነሳሁት ወታደር አለ ብለሽ ነው፣ ልጄ? ‹ለእናቴ ትሁን› ይሉኛል። ነገ መጥቼ እወስዳለሁ ብሎ በዚያው የቀረው ብዙ ነው።» ወደ ካርቶኖቹ ዞር አሉ። «ማን ደፍሮ ይጥላቸዋል?»

ኔጋቲቮቹን እያነሱ በመስኮቱ ብርሃን ላይ ማየት ጀመሩ። ፊቱን አታውቀውም፤ የምትፈልገው ኮቱን ነው። የግራ ኪሱ ክዳን ተዛንፎ የተሰፋ ነበር። ቀኑ ሊያልቅ ሲል አገኘችው። የእቤቱን ፎቶ ኔጋቲቭ እርጥበት በልቶታል፤ ከጎኑ ግን ሌላ ነበር።

«ይሄ የተበላሸው ነው» አሉ ሽማግሌው። «ላነሳው ስል ሳቀብኝ፤ ለዚህ ነው የደገምኩት።»

ታጥቦ ሲመጣ ወደ እናቷ በረረች። እናቷ መነጽሯን አድርጋ መስኮቱ ሥር ወሰደችው።

«ማነው ይሄ?»

«ወንድም ጋሼ ነዋ፣ እማዬ!»

«ልጅ ነው እኮ!» አለች እናቷ። «እንዲህ ልጅ ነበር እንዴ?»

ያን ሁሉ ዘመን በሐሳቧ ስታሳድገው፣ ስትድረው፣ ፀጉሩን ስታሸብተው ኖራለች። አሁን ጢም እንኳ ያላወጣ ልጅ ዓይኑን ጨፍኖ ይስቅባታል። መርዶው ገና አሁን የደረሳት ይመስል አለቀሰች። ልብስ ሰፊዋም «ምን አቀበጠኝ!» ብላ ፎቶውን ልትቀበላት እጇን ዘረጋች። እናቷ አልለቅም አለች።

«እንዲህ ሲስቅ መሬት ላይ ቁጭ ይላል፤ እግሩ አይችለውም» አለች እንባዋን እየጠረገች። «ዶሮ ይፈራ ነበር። ያን የሚያህል ሰውዬ! አንቺን ደግሞ ትከሻው ላይ አድርጎ ሰፈሩን ሲዞር ‹ድንቢጤ› ነበር የሚልሽ።»

ልብስ ሰፊዋ ይህን ሰምታ አታውቅም። እናቷ እግር ሥር ተቀመጠች።

«እስቲ እንደሱ አድርገሽ ጥሪኝ።»

እናቷ ጉሮሮዋን ጠረገች፤ አፏን ከፈተች። ቆየችና መልሳ ዘጋችው።

«የሱ ድምፅ ጠፋብኝ፣ ልጄ» አለች፤ እጇንም የልጇ ራስ ላይ አሳረፈች።