ሐርቡ ወርጄ ያስተውኩት ክስ

ይህን ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ለልጆቼ አልነገርኩም፤ ለሸሁም አልነገርኩም። ስሰግድ እንኳ ነገሩን ዙሪያውን እየዞርኩ ዱዓዬን በሌላ ጉዳይ እሞላዋለሁ። አሁን ለምታነቡት ልናገር። ፍረዱኝ እንጂ አታባብሉኝ።

ኮምቦልቻ የሚያውቀኝ ሰው በፍትሕ ቀልድ እንደማላውቅ ያውቃል። ወፍጮ ቤት ወረፋ አልፎ የተቀመጠ ስልቻ ካየሁ ጎትቼ ወደ ኋላ እመልሰዋለሁ። አንድ ጊዜ የገዛ እህቴን ስልቻ መልሼባት ዓመቱን ሙሉ አኩርፋኛለች። ፈጪው ከሩቅ ሲያየኝ "ትራፊክ ፖሊሷ መጡ፣ መስመር ያዙ" ይላል። ደስ ይለኝ ነበር። እንግዲህ ያን ነገር ያደረግኩት እኔ ነኝ፤ ሌላ ሰው አይደለም።

የልጅ ልጄ ሰይድ ሐኪም ነው። እናቱ ስትሞትብኝ ገና ጡት እንደተወ ያሳደግኩት እኔ ነኝ። ተመርቆ ሲወጣ ቆላ ውስጥ ወዳለ የወረዳ ሆስፒታል ተመደበ። ገጠር ገብቶ ያገለገለ ሐኪም በኋላ ስፔሻሊስት ለመሆን ሲወዳደር ነጥብ ይጨመርለታል። ገጠሩም ሐኪም እንዲያገኝ ታስቦ የወጣ ደንብ ነው። ሰይድ ሲያስረዳኝ ወደድኩት። የደከመ ይቅደም፤ ምን ይወጣለታል?

ሰይድ ሄደ፤ ሙቀቱንና ወባውን ግን አልቻለም። ብዙም ሳይቆይ ወጥቶ ደሴ ፒያሳ አንድ የግል ክሊኒክ ውስጥ መሥራት ጀመረ። ስሙ እዚያው ቆላ ቀረ፤ የሆስፒታሉ ኃላፊ ጓደኛው ስለነበር እዚያ እየሠራ እንዳለ አድርጎ ያስቆጥርለት ነበር። ቅዳሜ ቅዳሜ እኔ ቤት ይመጣል፤ ስለዚህ ሁሉንም አውቅ ነበር። አንድ ቀን "አንተ ልጅ፣ እዚያ ሰው አይታመምም?" ብዬ ጠየቅኩት።

"ሐዋ አለች፣ እምዬ" አለኝ።

ሐዋ አብራው የተመደበች ሐኪም ናት። የራሷንም የእሱንም ተራ የምትሠራው እሷ ነበረች። ዝም አልኩ። ወፍጮ ቤት ቢሆን ኖሮ ዝም እል ነበር?

በኋላ ሁለቱም ለቀዶ ሕክምና ትምህርት ተወዳደሩ። የቀረው ቦታ አንድ ብቻ ነበር። የገጠሩ ነጥብ ለሁለቱም እኩል ተቆጠረ፤ በፈተናው ሰይድ በጥቂት በለጣትና ቦታውን ወሰደ። እንዴት አይበልጣት? እሱ የሚያጠናበት ጊዜ ነበረው፤ እሷ የእሱን በሽተኞች ታክም ነበር።

ሐዋ አቤት አለች፤ የሰማት የለም። ጠበቃ ይዛ ፍርድ ቤት ሄደች፤ ሰይድም ተጠርቶ ቀረበ። የእሱ ጠበቃ፣ ያገለገለበት ማስረጃ ማኅተም አለበት፣ ከዚያ ወዲያ አይጠየቅም ብሎ ተከራከረ። የእሷ ጠበቃ ደግሞ፣ የተጻፈው ሳይሆን የተሠራው ይታይ፣ የሆስፒታሉ ነርሶች ይመስክሩ አለ። ዳኛው ነርሶቹ እንዲሰሙ ቀጠሮ ሰጡ።

ያኔ ሰይድ መጥቶ እግሬ ሥር አለቀሰ። ነርሶቹ ከቀረቡ ትምህርቱም ሥራውም እንደሚሄድበት ነገረኝ። ሂድና እውነቱን ተናገር ማለት ነበረብኝ። አላልኩም። ተነስ፣ ፊትህን ታጠብ፣ እኔ አለሁ አልኩት።

በእኛ አገር እንደ እኔ ያለችው አሮጊት ዱበርቲ ትባላለች። ዱዓዋ ይፈለጋል፣ እርግማኗ ይፈራል፤ ደጃፍ ደርሳ የለመነችውን መከልከል ነውር ነው። ይህን እያወቅኩ ሁለት ባልንጀሮቼን አስከትዬ ሐርቡ ወረድኩ። የሐዋ አባት ሙሄ እዚያ የሚያርስ ሰው ነው። ለባልንጀሮቼ ሁለት ወጣቶች ልናስታርቅ ነው አልኳቸው። እውነቱን ደበቅኳቸው።

እርጎ ቀረበልን። የለመንኩትን ካልሰጣችሁኝ አልቀምስም አልኩ። ዱበርቲ ሳትቀምስ የወጣችበት ቤት ምን ይባላል? ሙሄ ከመቀመጫው ተነሳ።

"ይዘዙኝ፣ እማማ" አለ።

ክሱ ይቅር አልኩት። ሁለቱም ልጆቻችን ናቸው፣ ዘንድሮ ለአንዱ ከሆነ ለከርሞ ለሌላዋ ነው፣ ሰው ለምን ይሳቅብን አልኩ። አፌ አላነሰኝም።

ሐዋ ከጓዳ ወጣች። ከስታለች፤ ከወባ የተነሳች ትመስል ነበር።

"ክሱን እተዋለሁ፣ እማማ" አለችኝ። "አንድ ነገር ብቻ ይንገሩኝ። ሰይድ እዚያ ሠርቷል? ወላሂ ይበሉኝና አሁኑኑ ለጠበቃዬ እደውላለሁ።"

መልሱ አጭር ነበር። አልሠራም። ምላሴ ላይ ደርሶ ነበር።

"እኔን ነው የምታስምይው?" አልኳት። "በአባትሽ ቤት፣ በዚህ ሽበቴ? ስትማሪ የኖርሽው ይኼን ነው?"

ባልንጀሮቼ አስተግፊሩላህ አሉ። ሙሄ አንገቱን ደፋ። "ተይ ልጄ፣ እርግማን አታምጪብን" አላት። ጥቂት አየችኝና "እሺ፣ አባ" ብላ ወደ ጓዳ ተመለሰች። እኔ እርጎውን አንስቼ ጠጣሁ። መረቅኳቸውም።

ክሱ ተዘጋ። ሰይድ ዛሬ ቀዶ ሐኪም ነው፤ ጎበዝ ነው ይሉታል። የእሱ ጎበዝነት የእኔን ሥራ አያጠራውም። ሐዋ ከዚያ በኋላም ተወዳድራ አልሆነላትም። አሁንም እዚያው ቆላ ናት፤ ቦታውን አግኝታ ቀዶ ሕክምና ብትማር ኖሮ ራሷ ልታድናት ትችል የነበረችውን ምጥ የጠናባት ሴት በአምቡላንስ ወደ ሌላ ሆስፒታል ትልካለች አሉ። ከነዚያ ሴቶች መንገድ ላይ የቀረች ትኖር ይሆን? አልጠየቅኩም። መጠየቅ ፈራሁ።

ይህን ሁሉ ዓመት ምን እያልኩ ኖርኩ? በሐሰት አልማልኩም እያልኩ ነዋ። እውነት ነው፣ አልማልኩም። የከፋውን ሠራሁ፤ ጥያቄዋን ነውር አደረግኩባት። ሐቀኛዋን ልጅ በአባቷ ፊት ባለጌ አስመሰልኳት። እናት የሌለው ልጅ ስለሆነ ነው አልልም። አርጅቼ ነው አልልም። ያስቻለኝ እርጅናዬ ነበር እኮ።

ባልንጀሮቼ ይህን ሲሰሙ ሽማግሌ ልከሽ አፉ አስብዪ፣ ይቅር አስብዪ ይሉኛል። አልልክም። ሽማግሌ ብልክ ሙሄ እንደገና ከመቀመጫው ይነሳል፤ እሷም እንደገና እሺ ትላለች።

ሐዋ፣ ልጄ፣ ሰይድ እዚያ አልሠራም። ወላሂ አልሠራም። የትኛውም ዳኛ ፊት ጥሪኝ፣ ቆሜ ይህንኑ እላለሁ፤ ሰይድም ይስማው። አፉ በይኝ፤ ካልወደድሽ ግን እምቢ በይኝ። ያን ቀን የወሰድኩብሽ እምቢ የማለት መብትሽን ነው። እምቢ በማለትሽ ነውር ነው የሚልሽ ሰው ካለ፣ ወደ እኔ ላኪው።