አጥር ማዶ የሄደ ቀፎ

በጎረቤቴ እቀናለሁ። ሌላ ስም ልሰጠው ብዙ ሞክሬ አልሆነልኝም። ባለቤቴ "አትወጃትም እንዴ?" ይለኛል። እወዳታለሁ። ድግስ ሲኖር ዕቃ እንዋዋሳለን፣ ባለፈው ስታመም ቀድማ ሾርባ ይዛ የመጣችው እሷ ናት። ሾርባው ደግሞ ጣፋጭ ነበር፤ እሱም ራሱ አናደደኝ። በሾርባም ትበልጠኛለች።

ወላጆቿ ከጉራጌ አገር መጥተው እዚህ ወላይታ ሶዶ ገበያ ውስጥ ሱቅ የከፈቱ ነጋዴዎች ናቸው። እሷ እዚሁ ተወልዳ ሱቁን ወርሳ የኤሌክትሪክ ዕቃ ትሸጣለች። ቤታችን ያለቀ ጊዜ ለግቢው መብራት ልገዛ የሄድኩት እሷ ጋ ነው። "ፓውዛ ስጪኝ፣ ትልቁን" አልኳት። አውርዳ ባንኮኒው ላይ አስቀመጠችው።

"ይሄ እኮ ለመጋዘን ነው የሚሆነው" አለች። "ነጭ ብርሃን ነፍሳቱን ሁሉ ይጠራል፣ ዛፍ ላይ ያሉ ወፎችንም እንቅልፍ ይነሳል። እኔ ቤት ያለውን ለምን አልሰጥሽም? ቆብ አለው፣ ወደ ታች ብቻ ነው የሚያበራው፣ ብርሃኑም ቢጫ ነው። ሰው ከሌለ ደግሞ ራሱ ይጠፋል።"

እኔ የሰማሁት ሌላ ነገር ነው። "ትልቁ ከአቅምሽ በላይ ነው" ያለችኝ መሰለኝ። የመንግሥት ሠራተኛ ነኝ፣ ደመወዜን ገበያው ሁሉ ያውቀዋል። "ለአንቺ ቤት የሚሆነው ለአንቺ ይሁን" ብዬ ለአራቱም ማዕዘን የሚሆን ፓውዛ አስጭኜ ወጣሁ።

ማታ ሲበራ ግቢው ቀን ሆነ። መንገድ ላይ የሚያልፍ ሰው እጁን ግንባሩ ላይ አድርጎ ነበር የሚያየን። የቢሮ ባልደረባዬ "ከዳሞታ ተራራ ላይ ሆኖም የእናንተ ቤት ይለያል" ስትለኝ ለሳምንት ያህል ደረቴ ተነፍቶ ዞርኩ። ከአጥሩ ማዶ የጎረቤቴ መብራት ደረጃዋንና የበሯን አፍ ብቻ አብርቶ ዝም ይላል። ሱቅ ሙሉ አምፖል ይዛ ለራሷ ቆጠበች እያልኩ ለባለቤቴ እስቅ ነበር።

እናቴ ከሞተች በኋላ አባቴ ከዲምቱ ወዲያ ካለው ገጠር ወደ እኛ መጣ። ይዞ የመጣው ልብሱን፣ መጽሐፍ ቅዱሱንና አንድ የንብ ቀፎ ነው። አባቴ ከተማ አይወድም። መጀመሪያ ሰሞን ጠዋት ጠዋት "ልሂድ" ይል ነበር። ቀፎው አቮካዶው ሥር ከተቀመጠ በኋላ ግን ነገሩን ተወው። ንቦቹ ሲወጡ ያያል፣ ሲገቡ ያያል፣ ቀኑ እንዲሁ ይመሽለታል። ስለዚህ ነገሩ ገባኝ፤ ቀፎው እኔ ግቢ እስካለ ድረስ አባቴ የእኔ ነው። እህትና ወንድሞቼ "እኛም ጋ ይምጣ እንጂ" ሲሉኝ "ንቦቹስ?" እላቸዋለሁ።

ከቢሮ ስመለስ በርጩማውን አውጥቶ ቀፎው አጠገብ ተቀምጦ አገኘዋለሁ። ቦርሳዬን ሳላስቀምጥ አጠገቡ እቆማለሁ። "ዛሬ ቢጫ የአበባ ዱቄት ይዘው ገቡ" ይለኛል። ወይም "ታችኛው ሰፈር ባሕር ዛፉ አብቧል፣ ይሸተኛል።" ከዚያ እኔ ገብቼ መብራቱን አበራለሁ፣ እሱም በርጩማውን አንስቶ ይገባል። አጭር ጊዜ ነች፣ ግን የእኔ ነበረች። ቀኑን ሙሉ ቢሮ የምቀመጠው ለእሷ ብዬ እስኪመስለኝ ድረስ እወዳት ነበር።

በጋው ሲጠና ንቦቹ ሙቀት በዝቶባቸው ማታ ማታ የቀፎው አፍ ላይ እየወጡ መንጠልጠል ጀመሩ። ያኔ እኔ ማብሪያውን ስጫን ብዙዎቹ ወደ ፓውዛው ይነሳሉ። መስታወቱን እየመቱ ይዞራሉ፣ ይዞራሉ፣ ሲደክማቸው በረንዳው ላይ ይወድቃሉ። ጠዋት አባቴ የሞቱትን በመጥረጊያ ሰብስቦ አቮካዶው ሥር ይደፋል። አቮካዶው ላይ የሚያድሩት ወፎችም ሌሊቱ ነጋ መስሏቸው ይንጫጫሉ። እኔ ከተማ ነው፣ ይለመዳል እል ነበር።

"ልጄ፣ ይህቺ መብራት አጥፊ" አለኝ አንድ ቀን። "ንቡ ፀሐይ መስሎት ነው የሚሄደው። ሄዶ አይመለስም።"

"ሌባስ አባዬ? የማን ነበር ባለፈው የውሃ ቆጣሪው የተፈታው?"

አባቴ አንድ ነገር ሁለት ጊዜ አይለምንም። ደስ ይበለው ብዬ የጓሮውን ፓውዛ አጠፋሁለት። ቀፎው ግን የነበረው ፊት ለፊት ነው።

ከዚያ ብዙም ሳይቆይ ከቢሮ ስመጣ በርጩማው ባዶውን ተቀምጧል። የአባቴን ሳቅ የሰማሁት ከአጥሩ ማዶ ነው። ጎረቤቴ ደረጃዋ ላይ አስቀምጣው በወላይትኛ ያወራሉ። እኔ ወላይትኛ እሰማለሁ፣ ስመልስ ግን አማርኛ ይቀድመኛል። ትምህርት ቤቱም ቢሮውም እንዲህ አድርጎኛል፤ አባቴም ለእኔ ሲል በአማርኛ ይታገላል። እሷ ግን ገበያ ውስጥ ያደገች ናት፣ አቀላጥፋ ትናገረዋለች። የጉራጌ ልጅ በአባቴ ቋንቋ አባቴን ታስቀዋለች፣ እኔ አጥር ሥር ቦርሳ ይዤ ቆሜአለሁ።

ማታ የተቀቀለውን የቦዬ ሥር በዳጣ በርበሬ እያጠቀሰ ሲበላ "ምን ስታወሩ ነበር?" አልኩት።

"ስለ ንብ።"

"ስለ ንብ ምን?"

"ትጠይቀኛለች፣ እመልሳለሁ።" ትንሽ ካኘከ በኋላ ደግሞ ጨመረበት። "መብራቷ ጨዋ ናት። መሬት መሬት ታያለች። ያንቺ ግን ሰው ፊት ላይ ያፈጣል።"

ባለቤቴ ሳቁን በውሃ ዋጠው። እኔ እራት አልበላሁም።

ከዚያ በኋላ የማየው ሁሉ ያበግነኝ ጀመር። እኔ "አባዬ" የምለውን እሷም "አባዬ" ማለት ጀመረች። መደገፊያ ያለው ወንበር አወጣችለት። እኔም ለማንስ ብዬ ነው የማንሰው ብዬ የበለጠውን ገዛሁለት። አመሰገነኝና ኮቱን ሰቀለበት። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ እንኳ ከፊቴ ተቀምጣ ስትዘምር ድምጿ ከሰው ሁሉ ተለይቶ ይሰማኝ ነበር። "ጌታ ሆይ፣ ይቅር በለኝ" እልና ስጨርስ መልሼ አያታለሁ።

ዝናቡ ሊገባ ሲል አባቴ ቀፎውን አገር ቤት እንደሚወስደው ነገረን። ደነገጥኩ። "ልትሄድ ነው?" አልኩት።

"እመለሳለሁ።"

"ከቀፎው ጋር?"

"ከቀፎው ጋር።"

ይችን ቃል ይዤ ቀረሁ። ሲመለስ ምን እንደሚጠብቀው አሰብኩና ያን ሁሉ ፓውዛ ላወርደው ወሰንኩ። እሷ ሱቅ ሄጄ "ያልሽኝን ስጪኝ" ማለትን ግን ኩራቴ አልፈቀደም። መናኸሪያ አካባቢ ካለ ሌላ ሱቅ ሄጄ "ቢጫ መብራት፣ ለግቢ" አልኩ። ሰውየው እንደ ኳስ ክብ የሆነ ነገር ሰጠኝ። ቢጫ ነው፣ እውነት ነው፣ ግን ወደ ላይም ወደ ጎንም ወደ ጎረቤትም ያበራል። በማግስቱ ልብስ የማሰጣ መስዬ የጎረቤቴን መብራት በስልኬ ፎቶ አነሳሁና ወስጄ አሳየሁት። ያን ጊዜ ቆብ ያለውን ከመደርደሪያው ጀርባ አቧራ አራግፎ አወጣልኝ። ከእሷ በቁጥር እንዲበልጥ አድርጌ ገዛሁ።

"በጨለማም ልትበልጫት ነው?" አለ ባለቤቴ።

ኤሌክትሪሻኑ ፓውዛዎቹን ፈትቶ ዕቃ ቤት አስገባቸው። በመጀመሪያው ማታ ግቢዬን አይቼ ልቅሶ ቤት መሰለኝ። መብራቱ የሚያርፈው እግር በሚረግጥበት ቦታ ላይ ብቻ ነው፤ አቮካዶው ከነቅጠሉ ጨለማ ውስጥ ቆሟል። ባልደረባዬ "መብራት ተቆረጠባችሁ እንዴ?" አለችኝ። ወፎቹ ግን ያን ሌሊት አልጮሁም። ጎረቤቴ ጠዋት በአጥሩ ላይ ብቅ ብላ "ሲያምር! ከእኔ ብትወስጂ እኮ በዋናው እሰጥሽ ነበር" አለችኝ። "እግረ መንገዴን ነው የገዛሁት" አልኳት። ምንም ክፋት አልነበረባትም። ክፋት ቢኖርባት ኖሮ እንዴት በቀለለኝ።

አባቴ የሚመጣበት ቀን ቀድሜ ከቢሮ ወጣሁ። የአቮካዶውን ሥር ጠራርጌ የቀፎውን ቦታ አደላደልኩ። ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ከመናኸሪያ ኮንትራት የያዘው ባጃጅ መጣ። ቀፎው በነጠላ ተሸፍኖ ከኋላ አጠገቡ ተቀምጧል። በሩን ወለል አድርጌ ከፍቼ ዳር ያዝኩ። ባጃጁ ደጄን አልፎ ጎረቤቴ በር ላይ ቆመ። የእሷም በር ተከፍቶ ነበር።

ሮጬ ደረስኩ። "አባዬ፣ ቤቱ ጠፋህ እንዴ?"

"አልጠፋኝም" አለ። ሁለቱን እጆቹን ቀፎው ላይ አድርጎ ነበር። "አጥር ወዲህ ያለ ንብ እንዲያው ብድግ አድርገሽ አጥር ማዶ ብትወስጂው፣ ነገ ይወጣና ወደ ድሮ ቦታው ይመለሳል። ባዶ ቦታ ላይ ሲዞር ያልቃል። መጀመሪያ ሩቅ ሄዶ መርሳት አለበት።"

"ምኑን ነው የሚረሳው?"

"ግቢሽን።"

ጎረቤቴ ወደ መሬት አየች። ከሄደበት ቀን ጀምሮ ያውቁ ነበር ማለት ነው፤ ቃል ተቀባብለው፣ ቦታ መርጠው ጨርሰዋል። "ለምን አልነገርከኝም?" አልኩት። "ብነግርሽ ታለቅሻለሽ" አለ። ይኸው እያለቀስኩ ነበር።

"መብራቱን ቀይሬዋለሁ እኮ! እየው!" እጄን ወደ ቤቴ ዘረጋሁ።

ቀና ብሎ ቆብ የደፉትን መብራቶች አንድ በአንድ አያቸው። "ጥሩ አደረግሽ" አለ፣ ከልቡ ነው። "ወፎቹ ይተኛሉ።"

"ታዲያ መልሳቸው።"

"ንብ ዕቃ አይደለም፣ ልጄ። አንዴ ግቢሽን እርሱት ብያቸዋለሁ፣ ነገ ደግሞ አዲሱን እርሱት አልላቸውም።"

ቀፎውን ከባለባጃጁ ጋር ተጋግዘው አስገቡት።

አባቴ አሁንም እኔ ቤት ነው የሚያድረው፣ የሚበላውም እኔ ቤት ነው። ማታ ማታ ግን እዚያ ነው። እኔ ከቢሮ ገብቼ በረንዳዬ ላይ እቀመጣለሁ። ፓውዛው እያለ ከአጥሩ ወዲያ ያለው ሁሉ ለእኔ ጥቁር ግድግዳ ነበር፤ ብርሃኑ ዓይኔን ይዞት ምንም አላይም ነበር። አሁን ዓይኔ ጨለማውን ይለምድና ሁሉንም አያለሁ። በቆቡ ሥር ያለችውን ትንሽ ብርሃን፣ ቀፎው ላይ የተሰበሰቡትን ንቦች፣ አንዳቸውም ወደ መብራቱ አለመነሳታቸውን። የአባቴን ጉልበት፣ የእሷን ጉልበት፣ እሱ ሲስቅ ራሱን ወደ ኋላ ሲጥል። እኔ ጋ እንደዚያ ሲስቅ አይቼው አላውቅም። ገንዘቤን አውጥቼ የገዛሁት ይህን ማየት ሆነ። ፓውዛዎቹ ዕቃ ቤት ናቸው፤ መልሼ ሰቅዬ ምንም እንዳላይ ማድረግ እችላለሁ። አንድ ሁለት ቀን በሩ ድረስ ሄጄ ቁልፉን በእጄ ይዤ ተመልሻለሁ።

ባለፈው ሳምንት ግን መቀመጡ አቃተኝና ተነስቼ ሄድኩ። በሯ ገርበብ ብሎ ነበር። "ግቢ፣ ግቢ!" አለች፣ እጇ ላይ ሰም ነበር። በእኛ ዘንድ አባት ለልጁ ከመቀመጫው አይነሳም። ልጅ ጎንበስ ብሎ ይስመዋል፣ እሱ እንደተቀመጠ ይመርቃል። የሚነሳው ለእንግዳ ነው።

አባቴ ሲያየኝ ብድግ አለ። ወንበሩን በእጁ ጠረግ ጠረግ አደረገልኝና "እዚህ አረፍ በይ" አለኝ። እኔም አመስግኜ ተቀመጥኩ።