ናዳ ያገደው አፈር

ባለፈው ሳምንት ታላቅ ወንድሜ ሰይድ ሆስፒታል ተኝቶ፣ መድኃኒቱ በክንዱ ሲንጠባጠብ አጠገቡ ተቀምጬ ነበር። የያዘው የመቅኒ ካንሰር ነው። ወጣቷ ሐኪም ቀስ ብላ አስረዳችን፦ “ሴል ያረጀ ፕሮቲኑን እየሰባበረ ያስወግዳል። ይህ መድኃኒት መሰባበሪያውን ይዘጋበታል፤ የካንሰሩ ሴል በራሱ ጥራጊ ታፍኖ ይሞታል። የመድኃኒቱ መነሻ የተገኘው ከአፈር ባክቴሪያ ነው።”

ሰይድ ዞሮ አየኝ። ሁለታችንም አንድ ሐምሌ ትዝ አለን።

ያኔ አዲስ አበባ የባዮሎጂ ተማሪ ነበርኩ። መምህሬ የአፈር ባክቴሪያዎች ከሚያመነጩት ነገር መድኃኒት ይፈልጉ ነበር። “ከየአገራችሁ አፈር አምጡ” ስላሉን መካነ ሰላም ወላጆቼ ቤት ሄጄ ከጥድ ሥርና ከረግረግ ዳር ቆፈርኩ። መምህሬ አፈሩን ይዘው ለምርመራ ወደ ውጭ አገር የሚበሩበት ቀን ቀርቧል። እንዳይሻግት ደግሞ ደረቅ መሆን አለበት። በሐምሌ! የወሎን ደጋ የሚያውቅ ይሳቅብኝ።

ሰይድ ሊሸኘኝ አብሮኝ ተሳፈረ። ወደ አቀስታ ስንወጣ ናዳ መንገዱን ዘጋው፤ እንመለስ ስንል ከኋላችን ወንዙ ሞልቶ ድልድዩን ዋጠው። መሃል ላይ ቀረን። እማማ ዘምዘም የሚባሉ የመንገድ ዳር ባልቴት ቤታቸው አስጠጉን። ጉሙ በር ድረስ መጥቶ ይቆማል። የገብስ ቅንጬያቸው ይጣፍጥ ነበር፤ እኔ ግን ሳልጨርስ ወደ አፈሩ እመለሳለሁ። አፈሩን ምድጃ ዳር ዘርግቼ እያገላበጥኩ ዝናቡን አዳምጣለሁ። ከዚያ ወዲህ ብዙ በር ተዘግቶብኛል፤ እንደዚያ ቤት ግድግዳው ተጠግቶ ያፈነኝ ግን የለም።

“ልጄ፣ ይሄ ዘር ነው?” አሉኝ እማማ።

“አፈር ነው። መድኃኒት ልንፈልግበት ነው።”

“አብሽሪ፣ አላህ ያለው አይቀርም” አሉና ጥጃቸውን ከምድጃው አራቁልኝ።

ዝናቡ ጋብ ሲል ሰይድ ተነሣ። “እዚህ ሆነን ቀኑ ሊያልፍ ነው። ናዳውን እንሻገር።”

“ጭቃው ይውጠናል፣ ጋሼ!”

“እኔ ከፊት እረግጣለሁ፤ አንቺ እግሬን ተከተይ።”

አፈሩን በላስቲክ ጠቅልሎ ደረቱ ላይ አሰረው። መሃል ስንደርስ እስከ ወገቡ ሰመጠ። እጄን ዘረጋሁለት፤ እሱ ግን መጀመሪያ ጥቅሉን ፈትቶ አቀበለኝ። ጩኸቴን የሰሙ ገበሬዎች ከማዶ መጥተው በገመድ ጎትተው አወጡት። አቀስታ የገባነው ጥርሳችን እየተንቀጫቀጨ ነው።

መምህሬን ከመብረራቸው በፊት ደረስኩባቸው። ሲመለሱ ጠሩኝ፦ ከአፈራችን የወጣ አንድ ባክቴሪያ የሚሠራው ንጥረ ነገር የሴሎችን ፕሮቲን መሰባበሪያ ዘግቷል። በደስታ ዘለልኩ።

“ግን ዘሃራ” አሉ፣ “ይሄው ነገር ከሌላ አገር አፈር ቀድሞ ተገኝቷል።”

ለሰይድ ስነግረው “እንግዲያውስ መድኃኒቱ አለ ማለት ነው” ብቻ አለኝ። እኔ ግን ለዓመታት ከዚያ ጭቃ መሃል አልወጣሁም።

“ይሄ ከኛ አፈር ነው?” አለኝ ባለፈው ሳምንት ከሆስፒታል አልጋው።

“አይደለም፤ ከቀደመን ሰው አፈር ነው።”

“ይሁን” ብሎ ዓይኑን ጨፈነ።

ገና ከሕመሙ አልወጣንም፤ እንወጣ እንደሆነም አላውቅም። ቀድሞን ያገኘውን ሰው፣ ስሙን እንኳ ሳልጠይቅ፣ ዕድሜዬን ሙሉ ጠልቼዋለሁ። እሱ ባይቀድመን ኖሮ ያ ግኝት እኛ ጋ ተቀምጦ መድኃኒት እስኪሆን ስንት ክረምት ይፈጅ ነበር? ወንድሜስ ይጠብቅ ነበር? ጠብታውን እያየሁ ያን የማላውቀውን ሰው ለመጀመሪያ ጊዜ መረቅሁት።