ፍሬን በትልቁ ክለብ

ሰልጣኞቹ ፍሬን ነው የሚሉት። መኪና መንዳት ያስተምራል፤ እሱ በተቀመጠበት በኩል ባለችው ትርፍ ፍሬን ላይ እግሩን እንደጣደ ይውላል። አንዱ መሪውን ይዞ ወደ ቦይ ሲገሰግስ፣ ሌላዋ አረንጓዴ መብራት ላይ ተገትራ ቆይታ ቀይ ሲበራ ስትፈተለክ፣ የሚረግጠው እሱ ነው። ይህ የእግር አመል አልጋው ድረስ ይከተለዋል። እንቅልፍ ሊወስደው ሲል ቀኝ እግሩ በራሱ ጊዜ ብርድ ልብሱን ይረግጣል፤ ሚስቱም "ቆሟል፣ ቆሟል፣ አሁን ተኛ" ትለዋለች። አብረው የሚያድሩበት ሌሊት ከተገኘ ነው እንግዲህ።

ሚስቱ ነርስ ናት፤ ፈረቃዋ የሌሊት ነው። እሷ ጠዋት ስትገባ እሱ ይወጣል። ትዳራቸው የሕንፃው ደረጃ ላይ ነው ቢባል ብዙም ማጋነን አይሆንም።

"ሻይ ፔርሙስ ውስጥ ትቼልሻለሁ።"

"ጎሽ። የቧንቧውን ሰውዬ አናገርከው?"

"ረሳሁት።"

"አንተ ደግሞ!"

እሱ ወደ ታች፣ እሷ ወደ ላይ። ገብታ እንኳ እንቅልፍ እንደ ልብ አይገኝም። ከሕንፃው ሥር የብረት በር የሚሠራ ሰውዬ አለ፤ መቁረጫውን የሚያስነሳው ልክ እሷ ትራሷን ስታቅፍ ነው። ስለዚህ ቁርጥራጭ እንቅልፍ ትተኛለች፤ ትንሽ ከጠዋቱ፣ ትንሽ ከምሳ በኋላ፣ ትንሽ አውቶቡስ ውስጥ።

ፍሬን ሌላም ሥራ አለው። ቅዳሜና እሁድ በየሰርጉና በየምርቃቱ ሙዚቃ ያጫውታል። ሁለት ስፒከር፣ አንድ ማጫወቻ፣ ቆዳው የተላጠ የጆሮ ማዳመጫ፤ የሙዚቃ ንብረቱ ይኸው ነው፤ የሚጭነውም በአሮጌ መኪናው ነው። ዕቃው የምግብ ጠረጴዛቸውን ይዞት ስለሚከርም ባልና ሚስቱ ሳህን ጭናቸው ላይ አስቀምጠው መብላት ከለመዱ ቆይተዋል።

አንድ ቀን፣ ሰልጣኝ ወደ ኋላ እየነዳ መኪና ሲያቆም በመስኮት አንገቱን አውጥቶ እያየ ሳለ ስልኩ ጮኸ። የትልቁ ናይት ክለብ ሥራ አስኪያጅ ነው። ፍሬን ባጫወተበት አንድ ሰርግ ላይ የሙሽራዋ አጎት ሆኖ ተገኝቶ ነበር።

"ስማኝ ወንድሜ፣ ማታ ማታ የሚከፍትልን ዲጄ ጥሎን ሄደ። የፊታችን አርብ በር ከተከፈተ ጀምሮ ዋናው ዲጄ እስኪመጣ ትይዝልናለህ?"

"እሺ" አለ ፍሬን። ምንም ሳይጠይቅ፣ ትንፋሽ ሳይወስድ ነው እሺ ያለው። ስልኩን ሲዘጋ ግን እጅ እግሩ ተሳሰረ። ያንን ክለብ ከውጭ በኩል በደንብ ያውቀዋል፤ በሩ ፊት ለፊት ያለው ሰፊ መንገድ ቀን ቀን ጭር ስለሚል፣ ሰልጣኞቹን መኪና ማዞር የሚያለማምደው እዚያ ነው። ወደ ውስጥ ግን አንድም ቀን ዘልቆ አያውቅም።

በማግስቱ ጠዋት ደረጃው ላይ ለሚስቱ ነገራት። አንድ እጇን ግድግዳው ላይ አሳርፋ ሰማችው።

"ትልቁ ጋ? እዚያ ግቢው ሁሉ መኪና የሚሆነው ጋ?"

"አዎ።"

ደስ አላት፤ ፊቷ ላይ ታየ። ቀጥላ ግን ዓይኑን እንደ በሽተኛ ዓይን አየችውና "እና መቼ ልትተኛ ነው?" አለችው። ፍሬን ሌላ ነገር ነበር የጠበቀው። ትንሽ ቅር ብሎት ወረደ።

መጠየቋ ግን ልክ ነበር። ያን ሳምንት ፍሬን አልተኛም ቢባል ይቀላል። ከሥራ ሲገባ ጠረጴዛው ፊት ይቀመጣል፤ ላይኛው ቤት አራስ ስላለች ስፒከሩን መክፈት አይቻልም፤ ያችኑ የተላጠች ማዳመጫ ጆሮው ላይ ደፍቶ ዘፈን ከዘፈን ያገጣጥማል። ይህ ይቅደም፣ ያ ይከተል፤ እዚህ ጋ ምቱን ላፍጥነው፣ እዚህ ጋ ድምፃዊቷ ብቻዋን ትቅር። በየሰርጉ ሰው ወንበር ገፍቶ የሚነሳባቸውን ዘፈኖች በሙሉ ሰበሰበ። ከውጭ ለሚያየው ግን፣ ጸጥ ባለ ክፍል ውስጥ ጭንቅላቱን ሲነቀንቅ የሚያመሽ ጤና የጎደለው ሰው ነበር የሚመስለው።

ሐሙስ ዕለት ከምሳ በኋላ ተራው የእትዬ ሆነ። እትዬ ጡረታ የወጡ የሒሳብ መምህርት ናቸው፤ "ከእንግዲህ የማንንም መኪና አልለምንም" ብለው ነው ለመማር የመጡት። ብርቱ ሴት ናቸው፤ መሪ ሲይዙ ግን ትከሻቸው ጆሯቸው ድረስ ይወጣል፤ ፍሬንም በሳቸው ተራ እግሩ እረፍት የለውም።

"እትዬ፣ ዛሬ ዝም ብለው ቀጥ ይበሉ። በቀኝዎ ይያዙ" አላቸው። እስከ አደባባዩ ድረስ መንገዱ ረጅም ነበር፤ ፀሐዩ በመስታወቱ በኩል ጉልበቱ ላይ አርፏል። የሞተሩ ድምፅ አንድ ዓይነት፣ ልስልስ ያለ... እዚያው ጭልጥ አለ።

ሲነቃ መኪናዋ ቆማለች። ብትት ብሎ እግሩን ፍሬኑ ላይ አሳረፈ፤ የሚቆም ነገር ግን አልነበረም። ከማሠልጠኛው ግቢ ውስጥ፣ ከግድግዳው ጋር ትክክል ሆና፣ በሁለት መኪኖች መካከል ቆማለች። እትዬ ቦርሳቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ብርቱካን ይልጣሉ።

"እትዬ! አደባባዩንስ?"

"አለፍኩት።"

"ማነው... እዚህ ቦታ ማን አቆማት?"

"አንተ ታንኮራፋለህ፤ ማን ያቁማት ታዲያ?" አሉና ከብርቱካኑ ገምሰው ሰጡት። "አልቀሰቅስህም ብዬ ነው እንጂ ፈርቼ ነበር፤ አልዋሽህም። ልጄ፣ ዓይንህ ደም መስሏል። ቤት ሰው ታመመብህ?"

ነገራቸው። ስለ ክለቡም፣ ስለ አርቡም ነገራቸው። እትዬ ብርቱካናቸውን እያኘኩ ሰምተው ሲያበቁ "በል ሂድና ተኛ፤ የኔን ሰዓት እንደተማርኩ ቁጠረው" አሉት። እሺ ብሎ ሄደ፤ አልተኛም እንጂ።

አርብ ከሰዓት በኋላ ድምፅ ለመሞከር ክለቡ ሄደ። ቀን ላይ ያየው ክለብ ከጠበቀው ጋር ጨርሶ አይገናኝም። የጎን በሮች ተከፍተው ብርሃን ገብቷል፤ ወንበሮቹ እግራቸውን ወደ ላይ ሰቅለው ጠረጴዛ ላይ ተደፍተዋል፤ ወለሉ የበረኪና ሽታ ይሸታል። አንዲት የጽዳት ሠራተኛ ከሶፋ ሥር የጠፋ ጫማ እያወጣች "ይሄን ያህል ረስቶ የሚሄድ ሰው ቤቱ በምን ገባ?" እያለች ለብቻዋ ታወራለች።

የድምፅ ባለሙያው ትንሽ፣ ሸበቶ ሰውዬ ነው። ፍሬን ሰላም ሲለው ቀና ሳይል "የመጀመሪያውን ክፈትልኝ" አለው። ፍሬን ሳምንት ሙሉ ያሰናዳውን ከፈተ። ከስፒከሮቹ የወጣው ግን የሚያውቀው ዘፈን አልነበረም። የቤዙ ወፍራም ድምፅ ግድግዳውን ገጭቶ እየተመለሰ የድምፃዊቷን ቃል ይውጠዋል፤ በማዳመጫ ሲሰማ ክር በክር የነበረው ሁሉ አዳራሹ ውስጥ ሲገባ ገንፎ ሆነ። ፍሬን ክው አለ።

"በጆሮ ማዳመጫ ነው የሠራኸው፣ አይደል?" አለ ሰውዬው።

"ላይ ቤት አራስ ስላለች ነው።"

"ይሄ አዳራሽ ጆሮ የለውም፤ ሆድ ነው ያለው። ለሆድ ነው የሚሠራለት። ድምፁን እኔ አስተካክልልሃለሁ፤ ሰው ሲገባም ይሻሻላል። ግን አንድ ነገር ልንገርህ፤ ቅር እንዳይልህ። ይሄ ዘፈን አይሆንህም።"

"ሰርግ ላይ ስከፍተው እኮ የሚቀመጥ ሰው የለም።"

"እሱ ነዋ ችግሩ። አንተ ስታጫውት የሚጨፍር የለም። የሚኖረው ኮቱን የት ላስቀምጥ የሚል፣ ጓደኛውን በስልክ የት ደረስክ የሚል፣ ከሚስቱ ተኳርፎ የመጣ ነው። ለነሱ ነው የምታጫውተው። ገና በሩ ላይ ሳሉ ጨፍሩ ብለህ ብትጮህባቸው ተመልሰው ይወጣሉ።"

ፍሬን ወንበር አወረደና ተቀመጠ። አልተናደደም፤ ለመናደድም አቅም ይጠይቃል። ያን ሁሉ ምሽት እንደ ቆሻሻ ውሃ ሲደፋ እያየ፣ አሁኑኑ ስልክ ደውሎ ታምሜያለሁ ማለት ይቻል እንደሆነ አሰበ። ደግሞም ውሸት አይሆንም ነበር፤ ጭንቅላቱ ይወቅራል።

በመጨረሻ ወጥቶ መኪናው ውስጥ ገባ። ያሰናዳውን ትቶ፣ ለሰርግ ያልሆኑትን፣ ብቻውን ሲሆን የሚሰማቸውን ዘፈኖች መምረጥ ጀመረ። ቀስ ያሉትን። ሌሊት ከሩቅ ሰርግ ሲመለስ፣ መንገዱ ባዶ ሆኖ ስፒከሮቹ ከኋላ ሲንገጫገጩ የሚከፍታቸውን። ብዙ አላሰበባቸውም፤ ለማሰብ ደክሞታል።

ማታ በሩ ሲከፈት ከማጫወቻው ጀርባ ቆመ። አዳራሹ እውነትም ባዶ ነበር፤ አስተናጋጆች ጠረጴዛ ይወለውላሉ፣ አንድ ጥንድ ጥግ ይዞ በሹክሹክታ ይጨቃጨቃል። የመጀመሪያውን ዘፈን ለቀቀ። ማንም ቀና ብሎ አላየውም። ሁለተኛውን ቀጠለ። 

ያኔ ሚስቱን አያት። ካፖርቷን ሳታወልቅ፣ ከሥሩ የሥራ ልብሷ አንገት ብቅ ብሎ፣ በበሩ ገብታ በዓይኗ ትፈልገዋለች። አርብ ማታ ተረኛ ናት ብሎ ነበር የሚያውቀው። ለካ ጠዋት ደረጃው ላይ ያጣት፣ ሳትነግረው ፈረቃ ተቀያይራ፣ ሌሊቱን አድራ፣ በዚያው ቀኑንም ስትሠራ ስለዋለች ነው። እጇን አወዛወዘችለት። ከምሰሶው አጠገብ ካለው ሶፋ ላይ ተቀመጠችና በፈገግታ ታየው ጀመር። ሦስተኛው ዘፈን ሳያልቅ ጭንቅላቷ ወደ ትከሻዋ ዘመመ።

ስፒከሩ ከራሷ በላይ ነው፤ ቤዙ ብርጭቆ ያርገበግባል። እሷ ግን አፏን ገርበብ አድርጋ ድብን ያለ እንቅልፍ ተኝታለች። ፍሬን እንዲህ ስትተኛ ካያት ዘመን ሆኖታል። አንጀቱን በላችው። ዘፈኑን ሊያሞቀው አስቦ የነበረውን ተወና ሌላ ለስላሳ ቀጠለ፤ ከዚያም ሌላ።

ሥራ አስኪያጁ መጥቶ ጆሮው ላይ ተጠጋ። "ያቺ ሴትዮ ገና ከአሁኑ ሰክራ ነው?"

"ሚስቴ ናት። ነርስ ናት። ከትናንት ማታ ጀምሮ ሥራ ላይ ነበረች።"

ሥራ አስኪያጁ ዞር ብሎ አያት። አስተናጋጅ ጠርቶ አንድ ነገር ነገረው፤ አስተናጋጁም "ተይዟል" የሚል ጽሑፍ አምጥቶ ጠረጴዛዋ ላይ አቆመላት።

ሰው ቀስ በቀስ ሞላ። ፍሬን ትልቅ ነገር ሠርቶ አይደለም፤ የሚጮህለትም አልነበረም። ግን ሰዎቹ ቶሎ ተረጋጉ፤ ሲጨቃጨቁ የነበሩት ጥንዶች ዝም ብለው ተደጋግፈው ተቀመጡ፤ አንዲት ሴት ኮቷን እንደያዘች ቆማ ወገቧን ማወዛወዝ ጀመረች፤ ሌሎችም ተከተሏት። የኋላ ኋላ ዋናው ዲጄ መጥቶ ትከሻውን ነካ ሲያደርገው መሐሉ በሰው ተይዞ ነበር። "ለብ አድርገህ ነው ያስረከብከኝ፤ አንዳንዱ አቃጥሎ ነው የሚሰጠኝ" አለው። ፍሬን አመሰገነውና አስተናጋጁን ውሃ ለመነው። ከሰዓት ጀምሮ ውሃ እንኳ አልጠጣም።

ሥራ አስኪያጁ መውጫው ላይ ያዘው። "የሚመጣውም አርብ ና።"

"ባለቤቴን ልጠይቃትና እደውልልሃለሁ" አለ ፍሬን።

ሚስቱን ቀሰቀሳት። ጉንጯ ላይ የሶፋው ስፌት ታትሞበታል።

"ጀመርክ?" አለች።

"ጨረስኩ።"

ዓይኗን አፍጥጣ አየችው፤ ሳቅ ሊያመልጣት ሲል እንባዋ ቀደማት። "ወይኔ! ለዚህ ብዬ እኮ ነው ሌትና ቀን የሠራሁት!" አለች፤ "ለዚህ ብዬ!"

መኪናው ውስጥ ገቡ። ፍሬን ቁልፉን ሰካ፤ ግን አላዞረውም፤ እጁ መሪው ላይ ከብዶ ቀረ። "ትንሽ ልረፍ፤ እንዲህ ሆኜ አልነዳም" አላት። እሷ ግን ጠግባ የተኛች ናት፤ ሁሉንም ካልነገርከኝ አለች። የትኛውን ነው መጀመሪያ የከፈትከው? ከዚያስ? ሰዉ ምን አለ? ፍሬን ወንበሩን ወደ ኋላ አስተኝቶ፣ ለዘፈን በማይሆን ድምፁ የመጀመሪያውን አንጎራጎረላት። ሁለተኛውንም ጀመረላት። ሦስተኛው ላይ ቃሉ ተምታታበት፤ እሷ አስተካከለችለት፤ እሱ ግን አልሰማትም፤ ተኝቷል። ካፖርቷን አውልቃ አለበሰችውና ከክለቡ የሚወጣውን የሚገባውን ሰው እያየች ተቀመጠች።