የአዮ አሥር ጣቶች

ልጄ ሰሞኑን ስልኳ ላይ አቀርቅራ ለመንግሥት አስተያየት ትጽፋለች። «ውሃ ጠፋ ብዬ ላክሁ። አባዬ፣ አንተም ላክ እንጂ» አለችኝ። መነጽሬ ጠፋ ብዬ ሸወድኳት። መነጽሬ ግንባሬ ላይ ነበር። እውነቱን ለመናገር በዚህ ሥራ የቆየ ልምድ አለኝ፤ የሚያሳፍረኝም ልምዱ ነው።

በደርግ ጊዜ ነቀምቴ ውስጥ የአንድ ቀበሌ ጸሐፊ ነበርኩ። አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ጨርሼ፣ ማለቴ እሱ እኔን ጨርሶኝ፣ ያገኘሁት ሥራ ነው። አንድ ቀን ከበላይ ትእዛዝ መጣና በራችን ላይ የሐሳብ መስጫ ሳጥን ተሰቀለ። ቁልፉ ከሳጥኑ ይከብዳል። ሰው ሁሉ ሳጥኑን እጅ እየነሳ ያልፋል እንጂ አንድ ወረቀት የሚከት ጠፋ። እንዴት ይክተት? መጻፍ የሚችለው የእጅ ጽሑፉ ይታወቃል፤ የማይችለው ደግሞ የሚያስጽፈው እኔን ነው።

ስብሰባው ሲቃረብ ሊቀመንበሩ ሳጥኑን ነቅነቅ አደረገና ድምፅ ሲያጣ ዞሮ እኔን አየኝ። ገባኝ። በቀኝ እጄ እንደ መምህር፣ በግራ እጄ እንደ ገበሬ እያደረግሁ የሕዝብ ሐሳብ ስጽፍ ዋልኩ። እኔ እንደጻፍኩት ከሆነ ሕዝቡ ከእግር እስከ ራሱ ረክቷል።

በማግስቱ እውነተኛ ሰው መጣ። አዮ ነበር የምንላቸው፣ እናቴ እንደማለት ነው፤ ለሰፈሩ ሁሉ እናት ነበሩ። አማርኛቸው ከሰላምታ ስለማያልፍ በኦሮምኛ ነገሩኝ። አንድ ልጃቸው ቅዳሜ ገበያ ጨው ሊገዛ እንደወጣ ታፍሶ ለውትድርና ተወስዷል። ይመለስልኝ አላሉም። ጋቢውን እንኳ ሳይለብስ ነው የሄደው፣ የምልክበትን አገር ልወቅ፣ የት እንዳለ ብቻ ይነገረኝ አሉ።

ብዕሬን አነሳሁ። ስለ አፈሳ የጻፈችን እጅ ሊቀመንበሩ አንዴ አይቶ ያውቃታል፤ ቀጥሎ የሚታፈሰው ባለ እጁ ነው። «ልጄ እናት አገሩን ሊያገለግል በመሄዱ ኮርቻለሁ» ብዬ ጻፍኩ። አዮ ወረቀቱን በአክብሮት አዩት። አውራ ጣታቸውን ይዤ የማኅተም ቀለም አስነክቼ አስፈረምኳቸው። ሥራ የጣታቸውን መስመር አጥፍቶታል፤ ሁለቴ ጫን አደረግሁት። መረቁኝና ሄዱ።

ስብሰባው ላይ የግራ እጄ ሐሳቦች ተነበቡ፤ ማንም አላጨበጨበም። የአዮ ሲነበብ ግን ሊቀመንበሩ እሳቸውን አስነስቶ አስጨበጨበላቸው። አዮ ነጠላቸውን አስተካክለው ቆሙ። አዳራሹ ውስጥ ሁለቱንም ቋንቋ የማይሰማ ጥቂት ነው፤ ልጃቸው እንዴት እንደሄደም ሁሉም ያውቃል። ያጨበጭባል። ወደ እኔ ዞረው «ማል ጄዳን?» አሉኝ፤ ምን አሉ ማለታቸው ነው።

«ይጠየቃል አሉ» አልኳቸው በቋንቋቸው።

ከዚያ በኋላ በየቅዳሜው ከገበያ ሲመለሱ መልስ መጣ ወይ ብለው ቢሮዬ በር ላይ ይቆማሉ። ለቅሶ ቤት ሳይቀር የማስቀው ሰውዬ ቀልድ አለቀብኝና፣ ገና ከሩቅ ሳያቸው በጓሮ ዞሬ ሽንት ቤት እገባ ጀመር። ሊቀመንበሩ ሆድህን ካመመህ ታከም እስኪለኝ ድረስ።

አንድ ቅዳሜ ቀድመውኝ ገብተው፣ ወንበር ስበው ተቀምጠው አገኘኋቸው። ጋቢው በላስቲክ ተጠቅልሎ ጭናቸው ላይ ነው። ሁለት እጃቸውን ጠረጴዛዬ ላይ ዘረጉ።

«ልጄ፣ አንድ ጣት አንሶ ይሆናል። አሁን አሥሩንም አድርገው።»

ያን ቀን ያሉትን ሁሉ፣ ገበያውንም፣ አፈሳውንም፣ ጋቢውንም፣ እንዳሉት ጻፍኩ። አሥሩንም ጣት አንድ በአንድ አስፈረምኩ። እሳቸው እያዩኝ ወረቀቱን ይዤ ወደ ሳጥኑ ሄድኩ። አዮ ደስ ብሏቸው፣ ቀለም በነካው እጃቸው ጋቢውን አቅፈው ወጡ። ወረቀቱ ገና ቀዳዳው አፍ ላይ ሳለ ሊቀመንበሩ ከውስጥ «ምንድን ነው እሱ?» አለኝ።

«የጽዳት ተራ ነው» አልኩና ኪሴ ከተትኩት።

እስከ ዛሬ እኔ ጋ ነው። ልጁ አልመጣም። አዮ እስኪሞቱ ድረስ ሰው ስለ ልጃቸው ሲጠይቃቸው፣ መንግሥት ዘንድ ደርሷል፣ ጸሐፊው ራሱ በእጁ ከቶልኛል ይሉ ነበር።